ከአማቴ ጋር በአንድ ከመነዳሪ ላይ

አማቴ ዛሬ በሕይወት ያሉት ያን ቀን ልገድላቸው ስለነበር ነው። ይህን ስናገር ባለቤቴ የሺ «እንዲህ አይባልም» ትለኛለች። ሌላ እንዴት እንደሚባል አላውቅም። ያን ቀን ጣና ላይ ላሰምጣቸው ባልደርስ ኖሮ ዓመቱን የሚዘልቁ አልነበሩም፤ ሐኪሟም ያለችው ይህንኑ ነው።

እኔ መተማ ዮሐንስ ላይ ትራክተር ጠጋኝ ነኝ። ሞተር እፈታለሁ፣ ጎማ እለጥፋለሁ፤ በሰሊጥ ወራት ከየእርሻው ወደ እኔ የማይጎተት ትራክተር የለም ብል የማጋንነው ትንሽ ብቻ ነው። ያኔ አርባ ሦስት ዓመቴ ነበር። «አላውቅም» የሚል ቃል ከአፌ አይወጣም፤ «እርዱኝ» የሚለውማ ጭራሽ። ወገቤን የጎዳሁት ካምቢዮ ብቻዬን አንስቼ ነው፤ አራት ሰው አጠገቤ ቆሞ እያየኝ ነበር። አንዱ «ላግዝህ?» ቢለኝ «ኧረ ቀላል ነው» አልኩት። ከዚያ ሦስት ቀን ተኛሁ።

የጉዞውን ነገር ያመጣችው ልጄ ሰላም ናት። ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። አንድ ቀን ከትምህርት ቤት መጥታ፣ «አባዬ፣ ይህ ዋልካችን እኮ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ አፈር ነው» አለችኝ። ዋልካውን በደንብ አውቀዋለሁ፤ በየክረምቱ ትራክተር ይውጣል፣ እኔም ከአፉ እያወጣሁ ነው እሷን ያሳደግኋት። ከእሳት መምጣቱን ግን አልሰማሁም ነበር። «አውቃለሁ» አልኳት።

«ጣናም እንደዚያው ነው» አለች። «የቀለጠ ድንጋይ ፈሶ የውሃውን መውጫ ሲዘጋው ተጠራቅሞ ነው ሐይቅ የሆነው።»

«ስለዚህ ወንዝ ነው ማለት ነው።»

«ሐይቅ ነው፣ አባዬ።»

«የተዘጋ ወንዝ፣ ወንዝ ነው። ደግሞም ዓባይ ከሱ አይደል የሚወጣው? ይፈሳል ማለት ነው።»

ልጅቱ ደብተሯን ዘጋች። ክርክሩን አሸነፍኩ። ኋላ ሊጨርሰን የነበረው ይህ ድል ነው።

የሺ ነገሩን ሰምታ ነበር። «አሥራ ስድስት ዓመት ካንተ ጋር ስኖር ከግራሶ ሌላ ምን አሳየኸኝ? ሐይቅ ካለ አሳየን» አለች። እናቷ እማማ ጥሩነሽም ያን ሰሞን ሰሊጣቸውን ሰብስበው ከገለጉ እኛ ዘንድ መጥተው ነበር። የቋራ ሰው ናቸው፤ በሰው ቤት ውሃ እንኳ ጠይቀው የማይጠጡ ሴት። ለወጉ ያህል «እማማ፣ እርስዎም ይሄዳሉ?» አልኳቸው። አይ ይላሉ ብዬ ነበር።

«ሐይቁንስ ብናየው ደስ ይለኛል» አሉ።

አማቴ ደስ ይለኛል ሲሉ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ያኔ መጠርጠር ነበረብን። እኛ ግን ስንቅ ቋጠርን።

ታኅሣሥ ነበር፤ መንገዱ ጸጥ ያለበት አንድ ሳምንት። ሞተሩን የሠራሁለት ነጋዴ ፒካፑን አዋሰኝ። ከኋላ የጫንኩት ፍራሽ፣ ጀሪካንና አንድ የትራክተር የኋላ ጎማ ከመነዳሪ ነው። ከመነዳሪውን የሺ «ለምንድን ነው?» አለች። ለቆላ ሰው ይህ አይጠየቅም። በእኛ አገር ክረምት ገብቶ ወንዝ ሲሞላ ሰው የሚሻገረው በእሱ ነው፤ ከላዩ ጣውላ ይታሰራል፣ አራስ ትቀመጥበታለች፣ በሽተኛ ይጋደምበታል፣ ዋናተኛ ከኋላ ይገፋል። እማማ ጥሩነሽ በዕድሜያቸው ስንት ጊዜ እንደተሻገሩበት ራሳቸውም አያውቁትም። ይህኛውን ሰባት ቦታ ለጥፌዋለሁ። በልጥፌ እኮራ ነበር።

ከገንዳ ውኃ አልፈን ወደ አይከል ዳገቱን ስንወጣ ብርዱ ያዘን። ጋቢ ያመጣ የለም፤ የመተማ ሰው ብርድ የሚባለውን በወሬ ነው የሚያውቀው። ሰላም ግን ከመስኮቱ አልወረደችም። መንገዱ የቆረጠውን ገደል እያሳየች፣ «እዩት፣ ድንጋዩ ሲቀዘቅዝ እንዲህ ተሰነጣጥቆ ነው» ትላለች። እውነትም ግንድ ያቆሙ ይመስላል። እማማ ጥሩነሽ ቀኝ እጃቸውን ግራ ብብታቸው ሥር ሸጉጠው ድንጋዩን ያዩ ነበር። ብርድ ነው ብዬ አለፍኩት።

አዘዞ ላይ ታጥፈን ማታ ጎርጎራ ገባን፤ በማግስቱ ከቁርስ በኋላ ዳርቻው ላይ ወረድን። ጥቁር ድንጋይ ውሃው ድረስ ተዘርግቷል፤ ገሚሱ ወንፊት የመሰለ ቀዳዳ አለው። ሰላም «ቀዳዳው ጋዝ የወጣበት ነው» ብላ ታስረዳለች፤ አያቷ አንዱን መርጠው «ይኼ ለተረከዝ መፋቂያ ይሆናል» ብለው መቀነታቸው ውስጥ ቋጠሩት። ከድንጋዩ ወዲያ ውሃው ነው። ማዶ የለውም። እኔ ማዶ የሌለው ውሃ አይቼ ስለማላውቅ ደነገጥኩ፤ ለማንም ግን አልተናገርኩም።

ከመነዳሪውን ነፋሁ፣ ከላዩ ጣውላ፣ ከፊቱ መጎተቻ ገመድ አሰርኩ። «እማማ፣ ትንሽ ላንሸራሽርዎ?» አልኩ። ተቀመጡበት፤ በገዛ ቤታቸው መደብ ላይ ያሉ ያህል ተመቻቹ። እኔ ገመዱን ይዤ ገባሁ።

«ሱሪህን አታወልቅም?» አለች የሺ።

«እናትሽ ፊት?»

አማት ፊት በቁምጣ የሚቆም አማች እኛ ዘንድ የለም። በጂንስ ሱሪዬ፣ ቀበቶዬን እንደታጠቅሁ ጣና ገባሁ።

መጀመሪያ ላይ ደስ ይል ነበር። ከበስተኋላችን፣ ከምድር ወደ ውሃው፣ ቀዝቀዝ ያለ ነፋስ ይነፍሳል። ሳልጎትት እንሄዳለን። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ? እማማ ጥሩነሽ ፈገግ ብለው ነበር፣ እኔም ፈገግ ብዬ ነበር። የሺ ከዳር ሆና «ይበቃል፣ ተመለሱ» ስትል እጄን አወዛወዝኩላት። በቆላ ወንዝ ሕጉ አንድ ነው፦ ውሃ ሲወስድህ አትታገለው፤ መታጠፊያው ላይ ራሱ ይተፋሃል። ፊት ለፊት ወደ ውሃው የገባ ጥቁር የድንጋይ አፍንጫ አየሁ። መታጠፊያው እሱ ነው አልኩ።

ድንጋዩን አለፍነው። አልተፋንም። ወደ ኋላ ዞር ስል የሺም ሰላምም አይታዩም።

«ልጄ፣ ይኼ ወንዝ መታጠፊያው የት ነው?» አሉ አማቴ።

«ትንሽ ይቀረዋል፣ እማማ።»

መጎተት ጀመርኩ። በውሃ የራሰ ጂንስ ለብሶ የዋኘ ሰው ያውቀዋል፤ እያንዳንዱ እግር አንድ ኩንታል ነው። ግማሽ ሰዓት ያህል ውሃውን ቆፈርኩ። ቀና ብዬ ሳይ ዳርቻው ቅድም ከነበረበት ርቋል። ግራ ባቴ ተሸመቀቀ። ገመዱን ለቅቄ ከመነዳሪውን አቀፍኩና፣ ለማሰብ የቆምኩ አስመሰልኩ።

ያን ጊዜ ነው ታንኳው የመጣው። ከደንገል የተሠራች የጣና ታንኳ ናት፤ ሁለት ዓሣ አጥማጆች አሉባት። ድንጋይ ቢወረወር በሚደርስበት ርቀት ላይ መቅዘፋቸውን አቆሙ።

«እንደምን አደራችሁ?» አለ ከፊት ያለው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። እናንተስ እንደምን አደራችሁ?»

«ይመስገነው። ደህና ናችሁ ወይ?»

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«ከወዴት ናችሁ?»

«ከመተማ።»

«ሙቀቱ እንዴት ነው?»

«አሁን ሻል ብሏል።»

«ሰሊጥስ ዘንድሮ?»

«ደህና ነው።» ሰሊጡም ደህና አልነበረም።

ከኋላ ያለው ከመነዳሪውን፣ ከዚያ አማቴን፣ ከዚያ ቀበቶዬን አየ። «ምንም አልሆናችሁም?» አለ።

«ምንም። ሐይቁን እያየን ነው።»

«በሉ ደህና ዋሉ።»

«ደህና ዋሉ።»

ሄዱ። እንዴት እንደሄዱ አሁንም በዓይኔ ይታየኛል፤ ሲቀዝፉ አይቸኩሉም። በየቀዘፋቸው «ድረሱልን» ልል አፌን እከፍታለሁ፣ ከዚያ «ሰላም ተባብለን ከጨረስን በኋላ እንዴት ይባላል?» እላለሁ። ይሉኝታ ያዘኝ። ደግሞ እነሱ ሁለት ናቸው፤ አንድ ሰው በትራክተር ጎማ ከነአማቱ ጠፋ ብለው ለልጅ ልጅ ያወሩታል። ታንኳዋ ነጥብ አከለች፤ ከዚያ ነጥቧም የለችም።

«ለምን አልነገርካቸውም?» አሉ እማማ ጥሩነሽ።

«ምኑን?»

«እየሄድን መሆኑን።»

«እየተመለስን እኮ ነው።»

ዳርቻውን አዩ፣ እኔን አዩ። ሰባ ቢጠጉም ዓይናቸው ደህና ነው።

ጥቂት ቆይቶ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ቀጭን ነው፤ ሥራዬ ስለሆነ በእንቅልፌም እለየዋለሁ። ሰባተኛው ልጥፍ ነው፤ በቀዝቃዛው ውሃ ማስቲሹ ለቋል። አውራ ጣቴን ጫንኩበት። አየሩ በጣቴ ጎን ይወጣል።

«ያ ምንድን ነው የሚፏጨው?»

«ምንም አይደል፣ እማማ። ብቻ ከጣውላው ወረድ ይበሉና ጎማውን በሁለት እጅዎ ከላይ ይቀፉት። ድንገት እንኳ ቢሆን።»

ቀኝ እጃቸውን ዘረጉ። ግራውን እስከ ትከሻቸው እንኳ አላነሱትም።

«ግራውንም፣ እማማ።»

«አልችልም።»

«ምን ሆነው?»

«ምንም አይደል።»

ጎማው ያፏጫል። ውሃው ትንንሽ ማዕበል ማንሳት ጀምሯል፤ አንዳንዱ አገጬን ይመታል። አማቴ ለረጅም ጊዜ አዩኝ፤ ቆዳዬን ገፈው የሚያዩ መሰለኝ።

«ይኸውልህ ልጄ» አሉ። «ያንተም ምንም አይደል፣ የኔም ምንም አይደል። እንደዚህ ሆነን ብንሞት የሚያለቅስልን እንኳ ምን ብሎ ያለቅሳል? እስቲ እውነቱን እንነጋገር። አንተ ጀምር።»

ከአማት ጋር እንዲህ አይወራም። ግን የሚሰማ ሰው በዙሪያችን አልነበረም፤ ዙሪያውን ሁሉ ማየት ይቻላል።

«ጎማው እየተነፈሰ ነው» አልኩ። «የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ይኼ ወንዝ አይደለም፤ ወዴት እንደሚወስደን አላውቅም። እግሬ አይታዘዘኝም። ለሰዎቹ ያልነገርኳቸው አፍሬ ነው። ፈርቻለሁ፣ እማማ።»

በሕይወቴ «አላውቅም»ና «ፈርቻለሁ»ን ባንድ ትንፋሽ ተናግሬ አላውቅም ነበር። ሰማይ አልወደቀም።

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔ ደግሞ ጡቴ ላይ እብጠት አለ» አሉ። «ሁለት ዓመት አለፈው። መጀመሪያ ሽንብራ ታህል ነበር። አሁን ብብቴ ውስጥ ገብቷል፣ እጄን ይዞታል።»

«ሁለት ዓመት? ለማን ነገሩ?»

«ለማንም። አምና ለየሺ ልነግራት ስል አጨዳ ደረሰ። በአጨዳ ማን ይታመማል? ከዚያ ክረምት ገባ፣ መንገዱ ተቆረጠ። ከዚያ ደግሞ አጨዳ። እሷ በስልክ ደህና ነሽ ወይ ትለኛለች፣ ደህና ነኝ እላታለሁ። ደስ ብሏት ትዘጋለች።» ውሃውን አዩ። «ጣናን ሳላይ እንዳልሞት ብዬ ነው የመጣሁት። እንዲህ ውስጡ ድረስ ታሳየኛለህ ግን አላልኩም።»

ሳቅሁ። እሳቸውም ሳቁ። ከዚያ አለቀስኩ፤ ፊቴ እርጥብ ስለነበር አይታወቅም ብዬ ነበር፣ እሳቸው ግን በደህናዋ እጃቸው ራሴን ዳሰሱኝ። ያኔ አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ፦ እኚህን ሴት ከዚህ ውሃ አውጥቼ ሐኪም ዘንድ ማድረስ። የኔ መዳን እንኳ ትዝ አላለኝም ብል እዋሻለሁ፤ ትዝ ብሎኛል።

ከመነዳሪው ግማሹ ሲረግብ ሁለተኛ ታንኳ መጣች። እንጨት የጫነች ናት፤ አንድ ሽማግሌና አንድ ጎልማሳ ይቀዝፏታል። አሁንም ራቅ ብለው ቆሙ፤ ሽማግሌው እጃቸውን አነሱ።

«እንደምን ናችሁ? ደህና ናችሁ ወይ?»

አፌ ተከፈተ፤ ምላሴ «እግዚአብ...» ማለት ጀምሯል። ልምድ ክፉ ነው። አማቴ በክርናቸው ጎሸሙኝ።

«ደህና አይደለንም» አልኩ።

ሰውየው አልገባቸውም። እንዲህ ብሎ የመለሰላቸው ሰው ኖሮ አያውቅም መሰለኝ። «ምን አልክ?»

«ደህና አይደለንም፤ እየሰመጥን ነው። ድረሱልን።»

ከዚያ በኋላ ያለው ፈጣን ነው። እማማ ጥሩነሽን ስበው እንጨቱ ላይ አስቀመጧቸው። ታንኳዋ ለኔ ቦታ ስላልነበራት ጅራቷን ይዤ ተንጠልጠልኩ። ጎልማሳው እየቀዘፈ፣ «ቅድም ሁለት ዓሣ አጥማጆች አግኝተውን ነበር» አለኝ። «በጎማ የሚሄዱ የመተማ ሰዎች አሉ፣ ደህና ናቸው፣ ሐይቁን እያዩ ነው ብለውናል። ለዚህ ነው ያልቸኮልነው።»

ዳርቻው ሲቀርብ አማቴ ከእንጨቱ ላይ ጎንበስ አሉ። «ውሃው ላይ የተባለው ውሃው ላይ ይቅር» አሉኝ፣ ቀስ ብለው። እኔ የታንኳዋን ጅራት አጥብቄ ያዝኩ።

የሺና ሰላም በድንጋዩ ላይ እየተደናቀፉ መጡ። የሺ መጀመሪያ ደረቴን በሁለት እጇ መታችኝ፤ ይገባኛል። ከዚያ እናቷን አቀፈች፤ አጥብቃ ስታቅፋቸው አማቴ በግራ በኩል ሸሸት አሉ።

«ደህና ነሽ፣ እማ? ምንም አልሆንሽም?»

«ደህና ነኝ ልጄ። ምን እሆናለሁ?» አሉና እኔን አዩኝ። ዝም በል ማለታቸው ነው። አጠገባችን ባለታንኳዎቹ ቆመዋል፣ ልጄ ቆማለች፣ ልብስ የሚያጥቡ ሴቶች ተሰብስበዋል። የአማትን ጡት በአደባባይ የሚያነሳ አማች ከሱሪ አውላቂው የባሰ ነው።

«ደህና አይደሉም» አልኩ። «ጡታቸው ላይ እብጠት አለ። ሁለት ዓመት ደብቀውናል። አሁኑኑ ጎንደር እንወስዳቸዋለን።»

ባለታንኳዎቹ ፊታቸውን ወደ ውሃው አዞሩ። የሺ እናቷን እንደያዘች ቀረች። አማቴ ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ መኪናው ሄዱ።

እስከ ጎንደር አንድ ቃል አልተናገሩኝም። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ «እናቴ፣ እንዴት ነዎት?» ብላ ጠየቀች። አማቴ በሩ ላይ የቆምኩትን እኔን አዩኝ። ከዚያ ወደ ሐኪሟ ዞሩና፣ ሽንብራ ከምታህልበት ጀምረው አንድ ሳያስቀሩ ተናገሩ። ስትመረምራቸው ከመቀነታቸው ጥቁር ድንጋይ ወጣ፤ ምን እንደሆነ ጠይቃ ነገሯት። ቀዶ ጥገናው ተደረገ፤ መድኃኒቱ ብዙ ወራት ወሰደ፤ ፀጉራቸው ረግፎ ተመለሰ። «ለሚቀጥለው አጨዳ ብታቆዩት ኖሮ ማንም አይደርስላቸውም ነበር» ያለችው ይህች ሐኪም ናት። እኔን ያናገሩኝ በአሥረኛው ቀን ነው። «አሳፈርከኝ» አሉኝ። «አዎ፣ እማማ» አልኩ። «ደግ አደረግህ» አሉ።

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት ሆነው። እናንተ የምታነቡኝ፣ ሰላምታ አትመልሱ አልላችሁም፤ እኔም መንገድ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» እላለሁ፣ መመስገኑም ይገባዋል። ግን በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም የሚባለውን በልጅነቴ ሰምቼ፣ በአርባ ሦስት ዓመቴ በጣና መሐል ነው የገባኝ። በቤታችሁ ሁልጊዜ ደህና ነኝ የሚል ሰው ካለ ሁለተኛ ጊዜ ጠይቁት። ቢቆጣም ጠይቁት። ጋራዤ ውስጥ ዛሬ ከባድ ነገር ሲኖር «ኑ፣ ያዙልኝ» እላለሁ፤ የመጀመሪያው ሰሞን ሠራተኞቼ አሞኝ መስሏቸው ነበር።

ገለጉ ኔትወርክ ሲኖር እሑድ እሑድ እደውልላቸዋለሁ። ልጃቸው ከመደወሏ በፊት እኔ ነኝ የምደውለው። ባለፈው እሑድ «እንደምን ነዎት፣ እማማ?» አልኳቸው። ቶሎ ደህና ነኝ አላሉም፤ እያሰቡ ነው።

«ግራ እጄ ያብጥብኛል» አሉ። «እንቅልፍ ይርቀኛል። ተመልሶ ይመጣ ይሆን እያልኩ ሐሙስ ዕለት ፈርቼ አለቀስኩ።»

«እሺ፣ እማማ።»

«ግን አለሁ። አንተስ?»